ለሰፈር ሥራ አነስተኛ ድጋፍ፦ ከማመልከቻ እስከ ሂሳብ መዝጊያ (ለጎንደር እድሮችና የሰፈር ኮሚቴዎች)

ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ለጋሽ የሚጠብቅ ሰፈር የለም። ጥሩምባው ይነፋል፣ እድርተኛው ምሰሶና ሸራ ይዞ ይወጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለጥምቀትም እንዲሁ ነው፤ ወጣቱ መንገድ ይጠርጋል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ አበል የሚጠይቅ የለም። ከኤምባሲ፣ ከግብረ ሰናይ ድርጅት ወይም ውጭ ካሉ የጎንደር ልጆች የሚመጣ አነስተኛ ገንዘብ ማገዝ ያለበት ይህንኑ ልማድ ነው። ልማዱን ከተካው ግን ገንዘቡ ባለቀ ማግስት ሥራውም ሰዉም ይበተናል።

ስለዚህ ሰፈሩ ራሱ ሊያዋጣው የሚችለውን ነገር በለጋሽ ገንዘብ አትግዙ። አቅሙ የማይደርስበትን ብቻ ጠይቁ፤ የመጣውንም ብር ማንም እድርተኛ ገልጦ ሊያየው በሚችል መዝገብ ያዙ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ማሳያ ይዘን እንሂድ። በወር አንድ ቀን፣ ለመዋጮ ብቻ የሚከፈት የእድር ቤት አለ እንበል። በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች የሚያነቡበት፣ እሁድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ነባር ነዋሪና ተከራይ አብረው ቡና የሚጠጡበት ቤት እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዋጋዎችና የቤት ብዛቶች ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የእናንተን ከገበያና ከሰፈራችሁ ሰብስቡ።

1. መጀመሪያ ቤት ለቤት ቁጠሩ

አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው ገና የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው። «የማህበረሰባችን ትስስር እየላላ መጥቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ከተማ ይሆናል፤ አንባቢው ስለ እናንተ ሰፈር የሚይዘው ነገር የለም። በአንጻሩ «በሰፈራችን 112 ቤቶች አሉ፤ 41ዱ ተከራይ የሚኖርባቸው ናቸው፤ ከተከራዮቹ እድር የገቡት 3 ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱን ስንጠይቅ 26ቱ የመግቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መክፈል አንችልም አሉ» ብትሉ ችግሩም መፍትሔውም አብረው ይታያሉ።

ይህን ለማግኘት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ ስድስት ሰዎች፣ ሁለት ምሽትና አንድ የእሁድ ከሰዓት ይበቃል። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ ወንዶች ብቻ በር ሲያንኳኩ ብዙ ቤት «አባወራው የለም» ተብሎ ይታለፋል። የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ የቤቱ ባለቤት ናችሁ ወይስ ተከራይ? እዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ኖራችሁ? እድር አላችሁ? ሌሊት ሰው ቢታመምባችሁ ሄዳችሁ የምታንኳኩት ስንት ቤት አለ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ከነመልሷ በጥንቃቄ አስቀምጧት። ሥራው በተጀመረ በስድስተኛው ወር እነዚያኑ ቤቶች መልሳችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ስለ ትስስር ከምታቀርቡት ማስረጃ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ያኔ የሚጠይቀው ሰው ከኮሚቴው ውጭ ይሁን፤ ለኮሚቴ አባል ሰው እውነቱን ከመናገር ይልቅ ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳል።

2. ማን ይፈርማል? ሕጋዊ መልካችሁን ለዩ

የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። ይህ ማለት እድር በመሆናችሁ ብቻ በፌዴራሉ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ የለባችሁም። ችግሩ ከለጋሹ በኩል ነው፤ አብዛኛው ለጋሽ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርና በድርጅት ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይጠይቃል። ሦስት መንገድ አላችሁ።

የመጀመሪያው በቀበሌና በክፍለ ከተማ እውቅና፣ በመተዳደሪያ ደንብና በማህተም ብቻ መቅረብ ነው። ውጭ ያሉ የሰፈር ልጆች ለሚልኩት ገንዘብና ለአንዳንድ አገር በቀል ሰጪዎች ይበቃል። ሁለተኛው ማህበር አቋቁሞ መመዝገብ ሲሆን ቢያንስ አምስት መሥራቾች ያስፈልጉታል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ስለሚሆን፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ ብቻ ይህን ሸክም መሸከም አይመከርም።

ሦስተኛውና ለእድር ብዙ ጊዜ የሚሻለው፣ የተመዘገበ ድርጅት አጋር አድርጎ በእሱ ስም ማመልከት ነው። እዚህ ላይ ጠብ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንዱ አጋሩ ለአስተዳደር የሚያስቀረው ገንዘብ ነው። አዋጁ የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ያ ግን ጣሪያ እንጂ የዋጋ ተመን አይደለም፤ ከዚያ በታች ተደራደሩ። ሌላው ሥራው ሲያልቅ ወንበሩና መደርደሪያው የማን ይሆናል የሚለው ነው። ሁለቱንም ከማመልከታችሁ በፊት በአንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር የገንዘቡ ባለቤት ለሆነው ወገን ያደላል።

3. ኮሚቴው

አምስት ሰው ይበቃል። ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ተከራይ፣ አንዱ ከ30 ዓመት በታች ይሁን። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይግባ። የእድሩ ዳኛ የኮሚቴው ሰብሳቢ ባይሆን ይመረጣል፤ በገንዘቡ ላይ ቅሬታ ሲነሳ ሰው አቤት የሚለው ለእሱ ስለሆነ፣ ከነገሩ ወጣ ብሎ መቆየት አለበት።

የግዢን ሥራ ለሦስት ሰው ክፈሉ፤ የሚወስነው፣ የሚከፍለውና ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከበው አንድ ሰው አይሁን። ይህ የሚደረገው በሰዎቹ ላይ እምነት ስለታጣ አይደለም። ነገ ሐሜት ቢነሳ ሦስቱም አንዱ ለሌላው ምስክር እንዲሆኑ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ገንዘብ ያዥ ሲሆን ትልቁ አደጋ ስርቆት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ በመሐላ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ወረቀት ነው።

4. ማንን ትጠይቃላችሁ?

ለጋሹን ከሥራው ጋር አዛምዱ። የዓለም አቀፉ የአካባቢ ተቋም አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራም፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠው፣ ለአካባቢ ጥበቃ ነው፤ የአንገረብን ተፋሰስ በችግኝና በእርከን ለማልማት ላሰበ ሰፈር ይሆናል እንጂ ለንባብ ቤት አይሆንም። የጃፓን ኤምባሲ ለታችኛው ማህበረሰብ የሚሰጠው ድጋፍ ወደ ግንባታና ቋሚ ዕቃ ያዘነበለ ነው፤ ደሞዝና የዕለት ተዕለት ማስኬጃ አይሸፍንም። የካናዳ የአካባቢ ተነሳሽነቶች ፈንድም አገር በቀል ድርጅቶችን የሚደግፍ ነው። ሁሉም ቅድመ ሁኔታቸውን በየጥሪው ይለዋውጣሉ፤ ስለዚህ ካለፈው ዓመት ቅጽ ተነስታችሁ እንዳትጽፉ።

ለ100 እና ለ150 ሺህ ብር ሥራ ግን ኤምባሲ ድረስ መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከሰፈሩ ወጥተው ውጭ የሚኖሩ ልጆች፣ ከተማው ውስጥ ቅርንጫፍ ያላቸው ባንኮችና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማህበረሰብ አገልግሎት ቅርብ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ባይሰጥ እንኳ ተማሪዎችን የሚያስጠኑ በጎ ፈቃደኞችና ያገለገሉ መጻሕፍት ልትጠይቁት ትችላላችሁ።

የመጨረሻ ቀንና ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። «ሴፕቴምበር 30» በአብዛኛው ዓመት መስከረም 20 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን መስከረም 19 ይሆናል። «5፡00 ፒኤም» ማለት በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሰዓቱ የአውሮፓ ይሁን የአዲስ አበባ ካልተጻፈ በጽሑፍ ጠይቁ። ኢንተርኔት በመጨረሻው ቀን እንደሚቋረጥ አስባችሁ ከአምስት ቀን በፊት ላኩ።

5. በጀት

ማሳያችን ይህን ይመስላል። 40 የፕላስቲክ ወንበር በ1,300 ብር 52,000፤ ሁለት የብረት መደርደሪያ በ9,000 ብር 18,000፤ 60 ማጣቀሻና የተረት መጻሕፍት በ350 ብር 21,000፤ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ 14,000፤ የመብራት ዝርጋታ ከነስድስት አምፖሉ 8,500፤ የጭነት መጓጓዣ 4,500፤ የጽሕፈት መሣሪያ፣ መዝገብና ህትመት 6,000። ድምሩ 124,000 ብር ነው።

ሮቶው ለምን ገባ ለሚል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ 40 ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ውሃ ከሌለው ስኒ የሚያጥበውም፣ መጸዳጃ ቤቱን የሚያጸዳውም ሁልጊዜ በቅርብ ያለችው ቤት እመቤት ትሆናለች። ሁለት ወር ትሸከማለች፣ በሦስተኛው ትቀራለች። እንዲህ ያለች አንዲት መስመር በበጀቱ ማብራሪያ ውስጥ ስትገባ፣ ጻፊው ቤቱን እንደሚያውቀው ለገምጋሚው ታሳውቃለች።

ቡናው በበጀቱ ውስጥ የለም። ሆን ተብሎ ነው። ግማሽ ኪሎ ቡና፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ትንሽ ከሰልና አንድ ቁና ቆሎ ለ40 ሰው ይበቃል፤ ሦስት ሦስት ቤት ተቧድኖ በተራ ቢያቀርበው ለአንድ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ አይደርሰውም። ቡናው በለጋሽ ገንዘብ ከተጀመረ ግን ሰዉ እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ ተራ የያዘ ቤት ደግሞ እንደ ባለቤት ይመጣል። በጾም ቀን ዳቦና ቆሎው የጾም ይሁን፤ እንደ አዲስ ዓለም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው በሚኖሩበት ሰፈር ደግሞ በረመዳን ወር ቡናውን ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት።

የሰፈሩን ድርሻም በቁጥር ጻፉ። ወለል የሚያስተካክሉና ግድግዳ የሚቀቡ 15 ሰዎች፣ ለ4 ቀን፣ በአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ 400 ብር ቢሰላ 24,000 ብር ነው። ከጠቅላላው 148,000 ብር ውስጥ 16 በመቶ ገደማ ሰፈሩ ሸፈነ ማለት ነው። ይህን የጉልበት መዋጮ በየቀኑ በፊርማ መዝግቡ፤ ያልተፈረመ መዋጮ በሪፖርት ጊዜ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በጀት የሚበላሸው በእነዚህ ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ስትሰበስቡ ዋጋው 15 በመቶውን ቫት ያካተተ መሆኑን አታዩም። ከላይ ባለው የወንበር መስመር ላይ ቫት ቢረሳ 7,800 ብር ይጎድላል፤ ስድስት ወንበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከማመልከቻ እስከ ገንዘብ መግባት ወራት ያልፋሉ፤ ዋጋ ቆሞ አይጠብቅም። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በብር በጀት የሠሩና በውጭ ገንዘብ የሠሩ ፕሮጀክቶች የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ለጋሹ መጠባበቂያ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልፈቀደ ዋጋ ቢጨምር መጀመሪያ የምትቀንሱትን ዕቃ በቃለ ጉባኤ ወስኑ። በማሳያችን ከወንበሩ አሥር ይቀንሳል፤ መጻሕፍቱና ሮቶው አይነኩም። ሦስተኛ፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመር አታስገቡ፤ ገምጋሚ መጀመሪያ ብዕሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው።

6. ማመልከቻውን መጻፍ

በአማርኛ ጀምሩት፤ ለጋሹ በእንግሊዝኛ ቢፈልግም። የአማርኛውን ረቂቅ በእድሩ ጉባኤ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በዚያ ቀን የሚነሳው ተቃውሞ ወርቅ ነው፤ «ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?»፣ «የማን ልጅ ነው የሚያነበው?»፣ «ተከራይ እድር ሳይገባ ወንበራችን ላይ ለምን ይቀመጣል?» የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ማመልከቻው ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ወዲያ ይተርጎም። ጉባኤው ያጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው ይያያዛል።

ሦስት ወይም አራት ገጽ ይበቃል። ለየቀኑ ሥራ ስም ያለው ኃላፊ አስቀምጡ፤ «ኮሚቴው ይከፍታል» ከማለት «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጸሐፊዋ ትከፍታለች፤ ባትኖር ሁለተኛው ቁልፍ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው» ማለት ይሻላል።

የጊዜ ሰሌዳችሁን በከተማዋ አቆጣጠር ሥሩት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ ነው፤ ወለልና ቀለም አይያዝም። ከገና ማግስት እስከ ጥምቀት ማብቂያ ጎንደር ውስጥ ለሌላ ሥራ ሰው አታገኙም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከፋሲካም በኋላ ሠርግ ይበዛል። ለእድሳት የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ወይም ጾሙ ራሱ ነው።

7. ገንዘቡ ሲገባ

ከሁሉ በላይ አጥብቃችሁ ያዙት፦ የድጋፉን ገንዘብ ከእድሩ ሂሳብ ጋር አታቀላቅሉ። የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ፤ ሦስት ፈራሚ ተመዝግቦ በማንኛውም ሁለት ፊርማ ይውጣ። የሚሆነው እንዲህ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ይሞታል፤ የእድሩ ሣጥን ይጎድላል፤ ቀብር ደግሞ አያድርም። በዚያች ሰዓት አንድ ደግ ሰው ተነስቶ «ከዚያኛው አበድሩንና በወር መዋጮ እንመልሰዋለን» ይላል። ክፋት የለበትም። ነገር ግን ለጋሹ በዚያ መካከል የሂሳብ መግለጫ ከጠየቀ ገንዘቡ ለሌላ ዓላማ ውሏል፤ የሰፈሩም ስም አብሮ ይጠፋል። ሂሳቡ የተለየ ከሆነ፣ ፈራሚዎቹም ማበደር እንደማይችሉ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ፣ ደጉ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቦታ አያገኝም።

የአንድ ክፍያ ወረቀቶች በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ ላይ ይያያዛሉ፦ የግዢ ጥያቄ፣ ከተለያዩ ነጋዴዎች የመጡ ሦስት ፕሮፎርማዎች፣ አሸናፊው የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ፣ በሁለት ፊርማ የወጣ የክፍያ ማዘዣ፣ የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት፣ የሻጩ የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ፣ የዕቃ መረከቢያ። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ጽሑፉ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አንሱና አያይዙት። ደረሰኙ በግለሰብ ስም ከተቆረጠ አይጠቅምም፤ ከመክፈላችሁ በፊት የድርጅቱን ስምና ቲን ቁጥር ለካሸሯ ስጡ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚገዛ ትንንሽ ነገር ደረሰኝ የለውም። ለዚህ በጽሑፍ የተወሰነ ትንሽ የእጅ ገንዘብ ያዙ፤ እያንዳንዱ ግዢ በሁለት ሰው ፊርማ ይመዝገብ። ለቀን ሠራተኛ ሲከፈል ሙሉ ስሙ፣ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ የሠራበት ቀን ብዛት፣ የቀን ዋጋውና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው በቅጽ ላይ ይስፈር።

በየወሩ የመዋጮ ቀን፣ ገንዘብ ያዡ የወሩን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በትልቅ ወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፍ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ ቆሞ ያንብበው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

8. ተከራዩ እንዴት ይገባል?

ቤቱ ተከፍቶ ነባሩ ብቻ ከመጣ ሥራው ግቡን አልመታም። ተከራይ በወረቀት ማስታወቂያ አይመጣም፤ በተጠራ ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን አራት እሁዶች እያንዳንዱ ነባር ቤት አንድ ተከራይ ቤት ሄዶ እንዲጠራ ስም ለስም አከፋፍሉ። ተከራዩንም ቶሎ የቡና ተራ ውስጥ አስገቡት፤ ተራ ሳይዝ ሁለት ወር የቆየ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የእድር መግቢያውን በስድስት ወር ከፋፍሎ መክፈል እንዲቻል ጉባኤው ይወስን፤ ይህ ውሳኔ ምንም ብር አይፈልግም፣ ከ40ው ወንበር ግን የበለጠ ሰው ሊያስገባ ይችላል።

የመገኛ መዝገቡ ላይ ስም፣ ባለቤት ወይም ተከራይ፣ የመጣበት ቀን ብቻ ይጻፍ። ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ፤ የልጅን ከወላጁ። ድህነትን የሚያሳይ ፎቶ ለሪፖርት ብላችሁ አታንሱ፤ ያ ሰው ነገ ጎረቤታችሁ ነው።

9. መዝጋት

ሪፖርቱ አጭር ይሁን፦ ያቀዳችሁት፣ የሠራችሁት፣ ያልሆነው ከነምክንያቱ፣ «ሄዳችሁ የምታንኳኩት ስንት ቤት አለ?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያና የስድስተኛ ወር ቁጥር፣ የበጀት መስመር በመስመር ወጪ። ያልተሳካውን አትደብቁ፤ ለምሳሌ የተማሪዎች ቁጥር በፈተና ሰሞን ጨምሮ ከዚያ ወርዶ ከሆነ እንዲያው ጻፉት። ከበጀት መስመር ወደ መስመር ገንዘብ ያዛወራችሁ እንደሆነ የለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ ይያያዝ። የተረፈ ገንዘብ ካለ ምን ይደረግ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ ሳይመጣ 300 ብርም ብትሆን አትንኳት።

ከዚያ ዕቃውን በቃለ ጉባኤ ለእድሩ አስረክቡ። እያንዳንዱ ወንበር ከጀርባው በዘይት ቀለም ከ1 እስከ 40 ቁጥር ይጻፍበት፤ «40 ወንበር» ብሎ መረከብና «ከ1 እስከ 40» ብሎ መረከብ ይለያያል፤ የጠፋው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ለለቅሶና ለሠርግ የሚወጣበት አንድ የውሰት ደብተር ይኑር፦ የወሰደው ቤት፣ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ የተሰበረ ካለ። ለለቅሶ ያለ ክፍያ ይውጣ፤ ለሠርግ ጉባኤው የወሰናት ትንሽ ገንዘብ ትከፈል፤ እሷም ለተሰበሩት መተኪያ ትቀመጥ። ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያው የመዋጮ ቀን፣ እድርተኛው ፊት ይደረጋል።